የዓባይን ልጅ ውሃ ሲጠማው፦ ስለ ብርብራና ስለ ሳይናይድ ታሪክ

፩

እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ነን። ስለ ኬሚስትሪ ብዕር ስናነሳ «ምን አገባችሁ? የራሳችሁን ግዕዝና ታሪከ ነገሥት አታነቡም ወይ?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ያገባን ግን አንድ ጠርሙስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ስንማር፣ ስሙን በማንጠራው ትምህርት ቤት፣ የዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል የቤተ ሙከራውን ዕቃ ቤት እንድናጸዳ ታዘዝን። ከመደርደሪያው ጥግ አቧራ የጠገበ ቡናማ ጠርሙስ ተገኘ። ውስጡ ነጭ ነገር አለ፤ ጨው ነው ቢሉ ጨው፣ ስኳር ነው ቢሉ ስኳር ይመስላል። የተለጠፈበትን ወረቀት ብል በልቶታል። ከእንግሊዝኛው ቃል የቀረችው «አይድ» የምትለው ጭራ ብቻ ናት። ክሎራይድ ይሁን፣ አዮዳይድ ይሁን፣ ሌላ ይሁን ማን ይወቅ? ከመሀላችን አንዱ፣ መቼስ የልጅ ነገር፣ ጣቱን በምራቁ አርሶ «ቀምሼ ልንገራችሁ» ብሎ ክዳኑን ሊከፍት ሲል አስተማሪያችን ከበር ላይ ጮኹ። «አንተ ልጅ! ተው! አስቀምጥ!» እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አይተናል። ኋላ ላይ «ሶዲየም ክሎራይድ ከሆነ የወጥ ጨው ነው፤ ሶዲየም ሳይናይድ ከሆነ ግን እናትህ ምን እላት ነበር?» አሉት።

ጠርሙሱ ምን ሆነ? ወደ መደርደሪያው ተመለሰ። ስሙን የሚያውቅለት አልተገኘም፤ የሚወስደውም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል፤ ነገሩ ግን ከሐሳባችን አልወጣም። ስለዚህ እስቲ የዚህን ነጭ ጨው ታሪክ እንመልከት አልን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ያላልንበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

፪

ሳይናይድ ወደ ዓለም የገባው በመርዝነቱ አይደለም፤ በቀለም በር ነው። በ1706 ገደማ በርሊን ከተማ ውስጥ ዲስባኽ የሚባል ቀለም ሠሪ ቀይ ቀለም ለማውጣት ይደክም ነበር። የተጠቀመበት ፖታሽ በእንስሳት ዘይት የተበከለ ስለ ነበር ቀይ የጠበቀው ሰውዬ ድንቅ ሰማያዊ አገኘ። «የፕሩሲያ ሰማያዊ» ተባለ። ሠዓሊዎችና ጨርቅ ነካሪዎች ተሻሙበት። ቀለሙ ራሱ እምብዛም አይጎዳም፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው ሳይናይድ ከብረት ጋር ጠብቆ ታስሯል። ማን ከማን ጋር እንደ ታሰረ ማወቅ የኬሚስትሪ ግማሹ ነው ይሉናል ጓደኞቻችን።

በ1770 ኖቬምበር ወር ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግሽ አባይ ምንጭ ላይ ቆሞ ከዓባይ ራስ ደረስኩ ብሎ ተደሰተ። የአገሬው ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ የሚጠመቅበት፣ የሚጠጣው ጠበል ነበር። ከብሩስ ደስታ 12 ዓመት በኋላ፣ በ1782፣ በስዊድን አገር ካርል ሼሌ የሚባል መድኃኒት ቀማሚ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ውስጥ አንድ የሚተን አሲድ ነጥሎ አወጣ። ሼሌ ያገኘውን ሁሉ የማሽተትና የመቅመስ ልማድ ነበረው፤ ይህንንም ከማሽተትና ከመቅመስ አልተመለሰም። በ1786 ገና በ43 ዓመቱ ሞተ። ለዓመታት በእጁና በአፍንጫው ያለፉት መርዞች ዕድሜውን አሳጥረውታል ብለው ብዙዎች ይገምታሉ። እኛም የዚያን የጓደኛችንን እርጥብ ጣት አስታወስን።

በ1815 ፈረንሳዊው ጌ-ሉሳክ የአሲዱን ተፈጥሮ ገለጠ፤ ሃይድሮጅን፣ ካርቦንና ናይትሮጅን ብቻ ነው አለ። ሦስቱም በአየርና በእህል ውስጥ ያሉ ተራ ነገሮች ናቸው። ስሙም ከግሪክኛው «ኪያኖስ»፣ ጥቁር ሰማያዊ ከሚለው ቃል ወጣ። እንግዲህ የመርዙ ስም የቀለሙ ስም ነው፤ የጣና ሰማያዊነትም በግሪክኛ ቢጠራ ከዚህ ስም አይርቅም።

፫

ታዲያ ይህ ነገር የሚገድለው እንዴት ነው? ይህን ለመረዳት ከአገራችን ተረት የተሻለ አላገኘንም፤ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው።»

ሰው ሲተነፍስ አየሩ ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ደም፣ ከደም ወደ እያንዳንዱ ሕዋስ ይደርሳል። በሕዋሱ ውስጥ ኦክስጅንን ተቀብሎ ኃይል የሚያወጣ ሥርዓት አለ፤ እንደ ሰንሰለት ተራ በተራ የሚቀባበል ነው። የመጨረሻው ተቀባይ፣ ብረት ያለበት አንድ ኤንዛይም፣ ኦክስጅኑን ይረከባል። ሳይናይድ ሄዶ የሚቀመጠው እዚያ ብረት ላይ ነው። በሩን ይዘጋል። ደሙ በኦክስጅን ተሞልቶ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይዞራል፤ ሕዋሱ ግን አንዲት ጉንጭ እንኳ መጠጣት አይችልም። ሳንባው ይሠራል፣ ልቡ ይመታል፣ አየሩ ሞልቷል፤ ሰውየው ግን ታፍኗል። ጣና መሀል ቆሞ በጥም መሞት ማለት ይህ ነው። በብዙ ከተወሰደ ጊዜ አይሰጥም፤ ደቂቃዎች ናቸው።

ተፈጥሮ ራሷም ይህን መሣሪያ ታውቀዋለች። ገና የበቀለ ወይም ድርቅ መትቶት ዳግም ያቆጠቆጠ ማሽላ ከብት ይገድላል፤ ምክንያቱም ለጋው ቅጠል ሲታኘክ ሳይናይድ የሚለቅ ነገር በውስጡ ይዟል። ይህን ነገር በ1902 ደንስታንና ሄንሪ የተባሉ እንግሊዛውያን ከማሽላ ነጥለው አወጡ። ማሽላው ሲያድግና ሲደርቅ መርዙ ይቀንሳል። እረኛ «ለጋ ማሽላ አታስበሉ» ሲባል ያደገው ያለ ምክንያት አይደለም። ቃሉ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ወረቀት የማያስፈልገው፣ ብል የማይበላው ማስጠንቀቂያ።

፬

ወደ ጣና ዳር እንመለስ። የእኛ ውሃ የራሱ መርዝ አለው፤ ስሙ ብርብራ ነው።

ብርብራ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። ጥላው መልካም ነው፤ ለቡና ጥላ ይሆናል፤ ለአጥርም ለማገዶም ይውላል። ፍሬው ግን ተደቁሶ ውሃ ላይ ሲበተን አሳ ያደነዝዛል። አሳው ሆዱን ወደ ላይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ ሰው በእጁ ይለቅመዋል። ዘዴው የቆየ ነው፤ አባቶች ያገኙት ዕውቀት ነው። በ1943 ክላርክ የሚባል አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ፍሬውን መርምሮ ሮቴኖን የሚባለውን ንጥረ ነገር አገኘበት። ሮቴኖንን ደግሞ በ1902 የሰየመው ናጋይ የተባለ ጃፓናዊ ነው፤ እሱም ያገኘው በእስያ አሳ ማደንዘዣ ከሆነ ሌላ ተክል ነው። እንግዲህ በሁለት አህጉር ሁለት ሕዝብ ሳይተያይ አንድ ጥበብ አገኘ ማለት ነው።

እኛን ያስደነቀን ግን ይህ ነው። ሮቴኖን የሚሠራው እዚያው ሰንሰለት ላይ ነው! ሳይናይድ የሰንሰለቱን መጨረሻ ሲዘጋ ብርብራ መጀመሪያውን ይዘጋል። አሳው ውሃ ውስጥ ሆኖ፣ አየሩ በስንጥቡ በኩል እየገባለት፣ ይታፈናል። የጣና አሳ ቃል በቃል የዓባይ ልጅ ሆኖ ውሃ ይጠማዋል። ለሰው ብርብራ እንደ ሳይናይድ አይደለም፤ ለአሳ ግን ያው ነው።

«አባቶቻችን ስንት ዘመን ሲያሰግሩበት አሳው አላለቀም፤ ዛሬ ምን ተገኘ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ታሪክ ነው።

በጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የሌሉ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። በ1990ዎቹ የሆላንድ ተመራማሪዎች ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር አጥንተው ከ12 በላይ ለያዩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ወንዞች፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይሄዱና እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የሚሄዱት በአንድ ወቅት፣ በአንድ መንገድ፣ ተግተልትለው ነው። ቀድሞ በሐይቁ ላይ የሚያሰግሩት በዋነኛነት ወይጦዎች ነበሩ፤ በደንገል ታንኳ፣ ከዳር ሳይርቁ። ከ1986 ጀምሮ ግን የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ፤ ገበያውም እስከ አዲስ አበባ ተከፈተ። መረቡ በወንዝ አፍ ላይ ይዘረጋል፤ ከመረቡ ያመለጠው እናት አሳ ሽቅብ ሲወጣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ብርብራ ይጠብቀዋል። ብርብራ ደግሞ አይመርጥም። ትልቁን ለሚለቅመው ሰው ትንሹን፣ ጫጩቱን፣ ሌላውንም የውሃ ነፍሳት ሁሉ ይጨምርለታል፤ እሱ ግን ይህን አይለቅመውም፣ ውሃው ይወስደዋል። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የጣና ነጭ አሳ በሦስት አራተኛ ገደማ ቀነሰ። ጥፋቱ የብርብራ ብቻ ነው አንልም፤ ዋናው መረቡ ነው። ነገር ግን አሮጌው ጥበብ ከአዲሱ መሣሪያ ጋር ሲደመር ያልነበረውን ጉልበት አገኘ።

ከሁሉ የሚቆጠቁጠን ሌላ ነው። ብርብራ የሚበትነው ሰው ከላይ ነው፤ ከታች ያለው አያውቅም። ከታች ያለችው ሴት እንስራዋን ትሞላለች፤ ከታች ያለው አስጋሪ በነጋታው ባዶ መረብ ያነሳል። የሚነግራቸው የለም። ለጋ ማሽላ ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣ ሕዝብ በውሃው ላይ ለምን ዝም አለ? ለከብቱ ባለቤት አለው፤ ውሃው ግን የሁሉም ስለ ሆነ የማንም አልሆነም እንዴ?

፭

ይህ የላይና የታች ጉዳይ በሳይናይድ ታሪክ ውስጥም በየገጹ አለ።

በ1887 በግላስጎ ከተማ ማክአርተርና ሁለቱ የፎረስት ወንድማማቾች የሳይናይድ ጨው በውሃ ቀጥኖ ወርቅን ከድንጋይ እንደሚያሟሟ አሳይተው የባለቤትነት መብት አወጡ። በ1890 ዘዴው በደቡብ አፍሪካ ወርቅ ማውጫ ሥራ ላይ ዋለ፤ ተስፋ የተቆረጠበት ድንጋይ ሀብት ሆነ። የዛሬው ዓለም ወርቅ አብዛኛው በዚህ መንገድ ያለፈ ነው። ጣት ላይ የምናጠልቀው ቀለበት ስለዚያ ጨው ምንም አይነግረንም።

አገራችንም ከዚህ ውጭ አይደለችም። በጉጂ፣ ሻኪሶ አጠገብ የሚገኘው የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ በመንግሥት እጅ ከቆየ በኋላ በ1997 በ172 ሚሊዮን ዶላር ለሚድሮክ ተሸጠ። ወርቁ የሚነጠለው በሳይናይድ ነው። የአካባቢው ነዋሪ ለዓመታት «ከብታችን እየሞተ ነው፣ እናቶች እያስወረዳቸው ነው፣ ሕፃናት ጉዳት ይዘው እየተወለዱ ነው» እያለ አመለከተ። በ2010 ዓ.ም. የሥራ ፈቃዱ መታደሱ ሲሰማ ሰልፍ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት የማዕድን ሚኒስቴር ፈቃዱን አገደ። ማውጫው በ2021 እንደገና ሥራ ጀመረ። ጥፋቱ የሳይናይድ ነው ወይስ ከድንጋዩ አብረው የሚወጡት እንደ አርሰኒክ ያሉ ነገሮች ናቸው የሚለው የባለሙያ ፍርድ ነው፤ እኛ አንፈርድም። አንድ ነገር ግን ባለሙያ ሳንሆን እናያለን። ውሃው ሲመረመር ውጤቱን መጀመሪያ ማየት ያለበት ውሃውን የሚጠጣው ሰው ነው።

በ2000 ጃንዋሪ 30 ሌሊት ሩማንያ ውስጥ፣ ባያ ማሬ በምትባል ከተማ፣ የወርቅ ማውጫ ግድብ ተደርምሶ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ገደማ ሳይናይድ ያለበት ውሃ ወንዝ ውስጥ ገባ። ወንዙ ድንበር ተሻግሮ ሃንጋሪ ደረሰ፤ በቲሳ ወንዝ ከ1,000 ቶን በላይ አሳ ሞተ፤ ከዚያም ዳኑብ ገባ። ወርቁ የሩማንያ፣ የሞተው አሳ የሃንጋሪ! ዓለም አቀፉ የሳይናይድ አያያዝ ደንብ የወጣው ከዚህ አደጋ በኋላ ነው። ድንበር የሚሻገር ወንዝ ራስ ላይ ለምንኖር ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ መሆን የለበትም። በፊሊፒንስ ደግሞ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለመስታወት ገንዳ የሚሸጥ ጌጠኛ አሳ ለመያዝ ራሱን ሳይናይዱን ባሕር ውስጥ መርጨት ተለመደ፤ አሳው ደንዝዞ ሲያዝ መጠለያው የሆነው የዛጎል ድንጋይ አብሮ ሞተ። ብርብራና ሳይናይድ በዚህ ባሕር ወንድማማች ሆኑ።

የመጨረሻውን ለመጻፍ እጃችን ይከብዳል። ጽክሎን ቤ የሚባለው የጀርመን ተባይ ማጥፊያ ይህንኑ አሲድ የያዘ ነበር። ሰው እንዳይጎዳ ዓይን የሚያቃጥል ማስጠንቀቂያ ይጨመርበት ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች አውሽቪትስ ላይ ሰው ሊፈጁበት ሲያስመጡት ማስጠንቀቂያው እንዲወጣ አደረጉ። በዚያ ካምፕ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ሰው፣ አብዛኛው አይሁድ፣ አለቀ። ከዚህ የምንማረው ብዙ ነው፤ ለዛሬው ርዕሳችን ግን ይህን እንያዝ። ጨዉ ራሱ ክፉ አሳብ የለውም። ክፋቱ የሚጀምረው ማስጠንቀቂያውን ከሚያወጣ እጅ ነው።

፮

አሁን ወደ ቤተ ሙከራው። የኬሚስትሪ ጓደኞቻችንን ጠይቀን፣ አንብበንም ያገኘነውን በእኛ ቋንቋ እናስቀምጥ። ለሠራተኛ መመሪያ ለመሆን አይደለም፤ ማንም ተማሪ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

አንደኛው ጥያቄ «ይህ ነገር የግድ ያስፈልጋል ወይ?» የሚለው ነው። ሥራው በሌላ የሚሠራ ከሆነ ከሁሉ የሚሻለው ሳይናይዱን አለማምጣት ነው። የግድ ከሆነም የሚበቃውን ብቻ እንጂ ለዘር ዘመን የሚተርፍ አይገዛም።

ሁለተኛው አሲድ ነው። የሶዲየምና የፖታሲየም ሳይናይድ ጨው ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ገዳዩን ጋዝ ይለቃል። ይህ ጋዝ በ26 ዲግሪ ገደማ የሚፈላ ነገር ነው፤ የባሕር ዳርን የሚያዝያ ቀትር የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ስለዚህ ሳይናይድና አሲድ አንድ መደርደሪያ ላይ አይጎራበቱም፤ አንድ መፍሰሻ ውስጥም አይደፉም። እርጥበት ያለበት አየር እንኳ ከጨዉ ቀስ እያለ ጋዝ ያወጣል፤ ክዳኑ ጠብቆ፣ በደረቅ ቦታ፣ በቁልፍ ይቀመጣል፤ የወጣውና የገባው በመዝገብ ይጻፋል።

ሦስተኛ፣ ለብቻ አይሠራም። ጭስ መሳቢያ ባለው መስኮት ሥር፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ፣ አጠገቡ ነገሩን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው ቆሞ ነው። «ሽታውን አውቃለሁ» ብሎ መመካት ሞኝነት ነው፤ እንደ መራራ ለውዝ ይሸታል ቢባልም ጥቂት የማይባል ሰው በተፈጥሮው አያሸትተውም። ምግብ፣ ውሃ፣ ሲጋራ እዚያ ክፍል አይገባም። ዝቃጩ መርዝነቱ እስኪጠፋ ድረስ በሠለጠነ ሰው እጅ ይታከማል እንጂ ቧንቧ ውስጥ አይደፋም። ከቧንቧው ማዶ ሐይቅ አለ።

አራተኛ፣ ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት ሐኪሙ ይታወቅ። ሰው ቢመረዝ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ኦክስጅን መስጠት፣ የነካውን ልብስ ማውለቅና ገላውን በውሃ ማጠብ ነው፤ አፍ ለአፍ መተንፈስ ግን የረዳውንም ይገድላልና አይደረግም። መድኃኒት አለው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ናይትራይትና ታዮሰልፌት ይሰጥ ነበር፤ በ2006 ደግሞ ሃይድሮክሶኮባላሚን የተባለው በአሜሪካ ተፈቀደ። ይህ የቫይታሚን ቢ 12 ዓይነት ነው። ሳይናይዱን ከሕዋሱ በር ላይ አንስቶ ከራሱ ጋር ያስራል፤ ያኔ ሌላ የቢ 12 ዓይነት ይሆንና በሽንት ይወጣል። ማን ከማን ጋር እንደ ታሰረ ማወቅ ብለን የለ? ነገር ግን መድኃኒቱ በሩቅ ከተማ ካለ እንደሌለ ነው፤ ደቂቃዎች ናቸውና።

አምስተኛውና ለእኛ የመጀመሪያው፣ ስም ነው። በእያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ስሙ፣ አደጋው፣ የመጣበት ቀን፣ ኃላፊው በማይለቅ ቀለም ይጻፍ። ሠራተኛውም የጽዳት እናቶችም በሚያነቡት ቋንቋ ይጻፍ። እንግሊዝኛው ብቻ ለማን ነው? ወረቀቱ ሲያረጅ ይታደስ። ስሙ የጠፋ ጠርሙስ ሲገኝ አይቀመስም፣ አይሸተትም፣ አይደፋም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ መደርደሪያው አይመለስም። ለሚመለከተው በጽሑፍ ይነገራል፤ እስኪወሰድም ይጠየቃል።

፯

ይህን ጽፈን ከመጨረሳችን በፊት ያንን የድሮ ጓደኛችንን ደውለን አገኘነው። «ያ ጠርሙስ ትዝ ይልሃል?» አልነው። ሳቀ። «የሚያሳዝነው እኮ» አለን፣ «ጨው ሊሆን ይችላል። ስንት ዓመት የፈራነው የወጥ ጨው ሊሆን ይችላል።» እውነቱን ነው፤ ሊሆን ይችላል። ግን አዲስ የገቡ ልጆችም ያንኑ ዕቃ ቤት እንዲያጸዱ ይታዘዛሉ፤ ከእነሱም መሀል ጣቱን የሚያርስ አይጠፋም። አስተማሪው በር ላይ በሰዓቱ ይደርሳሉ ብሎ ማን ይተማመናል?

ስለዚህ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፈናል፤ ጠርሙሱ የት መደርደሪያ፣ በየትኛው ጥግ እንደ ነበር ሥዕል ሠርተን አያይዘናል። ይህን የምታነቡ ጓዶችም ከየመጣችሁበት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ጠርሙስ ትዝ ካላችሁ ጻፉ። ወንዝ ዳር ያደጋችሁም፣ ብርብራ ሲበተን ያያችሁ፣ ከታች ላሉት ንገሩ። ደብዳቤ የአንድ ቴምብር ዋጋ ነው፤ መናገር ደግሞ ያንንም አይጠይቅም።